አባቴና የከብት ተራው ሁለት በሮች

ባለፈው ወር መምህራችን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነጭ መስመር አሰመሩ። ይህ መንገድ ነው አሉን። በመንገዱ ላይ ቤቶች በእኩል ርቀት ተደርድረዋል፤ ሁለት ነጋዴዎች አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ዓይነት ዋጋ ይሸጣሉ፤ ገዢ ሁሉ ወደሚቀርበው ነጋዴ ይሄዳል። እንግዲህ ነጋዴዎቹ የት የት ቢቀመጡ ይበጃቸዋል ሲሉ ጠየቁን።

አብዛኞቻችን አንዱ ወደዚህ ጫፍ፣ ሌላው ወደዚያ ጫፍ ቢሆን መልካም ነው አልን። መምህሩ ፈገግ ብለው ጠመኔውን ከአንዱ ጫፍ ትንሽ ወደ መካከል ገፋ አደረጉት። ይህኛው ወደዚያኛው ጥቂት ቢጠጋ ገዢ ይጨምርለታል፤ ያኛውም ይህን አይቶ ይጠጋል፤ እንዲህ እየተጠጋጉ መጨረሻ ላይ መካከል ላይ ጀርባ ለጀርባ ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ ማንኛቸውም ቢንቀሳቀሱ የሚያገኙት ጉዳት ነው። ቀጥሎ ስሌቱ መጣ፤ የየሰፈሩን ገዢ ብዛት በርቀቱ ማባዛት፣ ሁሉንም መደመር፣ ድምሩ ከሁሉ የሚያንስበትን ነጥብ መፈለግ። ስሌቱን በጣም ወደድኩት። የተዘበራረቀ ገበያ እንዲህ ባለ ሥርዓት ሊታይ መቻሉ ደስ አሰኘኝ።

በመጨረሻ የምናውቀውን አንድ ገበያ ወስደን፣ በዚያ ገበያ አንድ ሻጭ ቦታውን እንዴት እንደሚመርጥ ጽፈን እንድናመጣ አዘዙን። እኔ የወረታን የከብት ተራ ወሰድኩ። ሥዕሉን በማስመሪያ ሠርቼ፣ ስሌቱን ደጋግሜ አርሜ አስረከብኩ። እዚህ የምጽፈው በዚያ ወረቀት ላይ ቦታ ያላገኘውን ነው።

አባቴ ገመድ ሻጭ ነበር። ከጥንት ጀምሮ ግን አልነበረም፤ እንደ ማንኛውም የፎገራ ሰው ገበሬ ነበር። እኔ ገና ፊደል ስቆጥር፣ አውድማ ላይ እህል ሲያበራይ አንድ በሬ ደንብሮ ጉልበቱን ረገጠው። ጉልበቱ ዳነ ቢባልም መታጠፍ እንቢ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ሞፈር ተከትሎ ትልም ማውጣት አልቻለም። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠና ከልጅነቱ ጀምሮ የሚችለውን የቃጫ ሥራ ያዘ። ከእኩል አራሹ የምናገኘው እህል እስከ ክረምት መግቢያ አያደርሰንም ነበርና ጉድለቱን የሚሞላው ገመዱ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ የተናገረው ሰው ግን አላስታውስም።

የሌላ አገር ሰው፣ ገመድ ያን ያህል የሚሸጥ ነገር ነው ወይ ይል ይሆናል። በእኛ ዘንድ ከብት ሲሸጥ ገመዱ አይሸጥም። ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ይባርክልህ ብሎ መርቆ ሲያበቃ ገመዱን ከበሬው ቀንድ ላይ ፈትቶ ትከሻው ላይ ጣል ያደርገዋል። የበረቱ ገድ አብሮ እንዳይሄድበት ነው። በጣም ደግ ሰው እንኳ፣ ከዋጋው ቀንሶ የሸጠ ሰው እንኳ፣ ገመዱን ተውልኝ ቢሉት ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ ገዢው አዲሱን በሬውን በቀንዱ ጨብጦ ቆሞ ይቀራል፤ የገመድ ያለህ እያለ ዓይኑን ያንከራትታል። የፎገራ ከብት ገራም ባይሆን ኖሮ ብዙ ሰው በየገበያው በተጎዳ ነበር።

ለአባቴ የሚያስፈልገው በዚያች ቅጽበት በገዢው ዓይን ሥር መገኘት ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ ከተቀመጠ ሰውየው መቀነቱን ፈትቶ በሬውን በእርሱ አስሮ ይሄዳል። በዚያ ላይ ቤቱ ሲደርስ ጎረቤት የሚያበድረው ገመድ አይጠፋም። እናም ገመድ ሻጭን የሚያኖረው ከገመዱ ጥንካሬ ይልቅ የተቀመጠበት ቦታ ነበር።

ድሮ የከብት ተራው ከጎንደር መንገድ ዳር ነበር። መውጫው አንድ ብቻ ስለነበረ አባቴና አበልጃችን ከመውጫው አጠገብ በነበረች ሾላ ሥር አብረው ይቀመጡ ነበር። ሌላ ገመድ ሻጭ በገበያው አልነበረም። አበልጃችን የምላቸው ሰው የክርስትና እናቴ ባል ናቸው። ቤታቸው ከእኛ ቤት ወረድ ብሎ ነው። ዕድሜያቸው ከአባቴ ትንሽ ገፋ ይላል፤ ግን መሬታቸውን ራሳቸው ያርሱ ነበር፤ ጥሩ ጥማድ በሬም ነበራቸው። ገመዱ ለእርሳቸው የገበያ ቀን መዋያ፣ የጨዋታ ሰበብ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አባቴና አበልጃችን ፊት ለፊት ነበር የሚቀመጡት። ወፍራሙን ገመድ አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው አይመቸውምና አንዱ ጫፉን ጠበቅ አድርጎ ሲይዝ ሌላው ያከረዋል። እየሠሩ ያወራሉ፤ ገዢ ሲመጣም አያቋርጡም። እኔ አዲስ የተሠሩትን ገመዶች እየጠቀለልኩ አጠገባቸው እውል ነበር። ገዢው የማንኛቸውን ልግዛ ብሎ ሲያመነታ አበልጃችን ቀደም ብለው፣ የእኔን አይውሰዱ፣ የእኔ ይበጠሳል፣ የአበልጄን ይውሰዱ ይሉታል። አባቴም ወዲያው፣ አይስሟቸው፣ ከእኔ የገዛ ሰው በሬው እስከ ዛሬ እየተፈለገ ነው ይላል። ገዢው ግራ ይገባውና አንድ ጊዜ ወደ አባቴ፣ አንድ ጊዜ ወደ እርሳቸው ያያል። በስተመጨረሻ የአንዱን ሲገዛ ያልተሸጠለት ሰው በጣም ደስ ያለው ይመስል ነበር። ይህን ጨዋታ ከማስታውሰው ቀን ጀምሮ ይጫወቱታል፤ አንድም ቀን ሰልችቷቸው አያውቅም።

የዚያች ሾላ ጥላ ዛሬም ይናፍቀኛል። በጥር ወር ከሜዳው የሚመጡ ሰዎች የሽምብራ እሸት በክንዳቸው ታቅፈው ይገባሉ፤ ለአባቴ አንድ እፍኝ፣ ለእኔ አንድ እፍኝ ጥለው ያልፋሉ። የከብቱ ትንፋሽ፣ የተረገጠ ሣር፣ የትኩስ እበት ሽታ፣ ከእስላሞቹ ሱቆች የሚመጣ የአዲስ አቡጀዲ ሽታ አንድ ላይ ይደባለቃሉ። በየመካከሉ ካሚዮን ጡሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ከብቱ ሁሉ ጆሮውን ይቀስራል፤ ሰው ሁሉ ደግሞ ንግግሩን ያቋርጣል። ካሚዮኑ እንዳለፈ ሁሉም ካቆመበት ይቀጥላል።

ያ ቦታ የተቀየረው በካሚዮኑ ምክንያት ነው። አንዲት ጊደር ከተራው አምልጣ መንገድ ላይ ስትገባ ተገጨች። ሰው አልተጎዳም፤ ቢሆንም የከተማው ሹማምንትና ሽማግሌዎች መክረው የከብት ተራው ከመንገዱ ይራቅ አሉ። ከከተማው በታች፣ ሜዳው ሲጀምር ያለው ግጦሽ ተመረጠ፤ ዙሪያው በእሾህ ታጠረ፤ ሁለት በሮችም ወጡለት። የላይኛው በር ወደ ከተማውና ወደ መኪና መንገዱ ያወጣል። የታችኛው በር ወደ ሜዳው፣ ወደ ጣና ዳር መንደሮች ያወጣል።

የገበያው ሹም አባቴንና አበልጃችንን አስጠርቶ፣ በሮቹ ጠባብ ናቸው፣ ከብቱም ለቦታው እንግዳ ስለሆነ ሰው ከተደራረበ ይደነብራል፣ ስለዚህ በአንድ በር አንድ ገመድ ሻጭ ብቻ ይቀመጣል አላቸው። ማን በየትኛው እንደሚሆን ተስማምታችሁ ንገሩኝ፣ ካልተስማማችሁ ዕጣ አወጣለሁ አለ። ሁለቱም በአንድ ቃል ዕጣ አያስፈልገንም አሉት። አበልጅ ለአበልጅ ዕጣ የሚጣጣልበት ምን ነገር አለ።

አባቴ በነጋታው እኔን አስከትሎ ባዶውን ተራ ሊያይ ወረደ። ምርኩዙን እየተከለ በላይኛው በር ቆመ፣ ወደ ታችኛው በር ሄደ፣ ተመልሶ መካከል ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ከኪሱ የሽምብራ ቆሎ አውጥቶ፣ ባለፉት ገበያዎች ከእርሱም ከአበልጃችንም ገመድ የገዙትን ሰዎች አንድ በአንድ ማስታወስ ጀመረ። ከሐሙሲት በኩል ለመጣው አንድ ሽምብራ ከወዲያ ያስቀምጣል፤ ከጣራ ገዳም በኩል ለመጣው አንዷን ከወዲህ፤ ለሜዳው ሰው ደግሞ ወደ ታች። እኔም ያስታወስኩትን እጨምርለታለሁ። ያ ቀይ በሬ የገዛው፣ ያ ጢማሙ፣ ያ በመቀነቱ ልሰር ብሎ ያስቸገረን እያልን ቆየን። በጥቁሩ ዋልካ አፈር ስንጥቅ ውስጥ የገባችብንን ሽምብራ በእንጨት ጫፍ አወጣናት።

የታችኛው ክምር እየቆየ ገዘፈ። እኔ ተገረምኩ፤ ምክንያቱም በላይኛው በር የሚወጣው ከብት እንደሚበልጥ አውቅ ነበር። የጎንደርና የደብረ ታቦር ነጋዴዎች መንጋ መንጋ ገዝተው የሚነዱት በዚያ በኩል ነው። አባቴን ይህንኑ ጠየቅሁት።

«ነጋዴ መንጋውን በዱላ ይነዳል እንጂ አንድ በአንድ አያስርም» አለኝ። «ከሩቅ የሚመጣ ገበሬም ሊገዛ አስቦ ነው የሚመጣው፤ ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ይነሣል። የሜዳው ሰው ግን ቅርብ ነው። ሊያይ ብሎ ባዶ እጁን ይመጣና አንዷን ሲያያት ልቡ ይሸፍታል።»

ይህን ነገር በወረቀቴ ላይ በሠንጠረዥ አስቀምጬው ነበር። መምህሩም ከጎኑ በቀይ ቀለም «መልካም ነው» ብለው ጻፉበት፤ ርቀት ገዢን ከማሳነስ አልፎ የገዢውን ጠባይ እንደሚለውጥ ያሳያል ብለው ለክፍሉ አነበቡት። በጣም ደስ አለኝ። ያን ቀን ግን የነበረን መረጃ ሽምብራ ብቻ ነበር፤ አባቴ የሚሻለው የታችኛው በር መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ክምሮቹን ሰብስቦ ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ፤ እየቆረጠምን ወደ ቤት ወጣን።

መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ቆም ብሎ «አበልጄም ይህን ያውቃሉ» አለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ባለው ድንጋይ ላይ ሁለቱ ተቀመጡ። እኔ፣ እናቴና የክርስትና እናቴ ትንሽ ፈንጠር ብለን ቆመናል፤ ጆሮአችን ግን እዚያው ነበር። ስለ ጤና፣ ስለ ጓያው፣ ስለ በሬዎቹ ተጠያየቁ። ከዚያ አበልጃችን ጉዳዩን አነሡ።

«እንግዲህ አበልጄ፣ በሩን እርስዎ ይምረጡ።»

«ታላቅ እያለ? እርስዎ ይምረጡ እንጂ።»

«በገመዱ ታላቁ እርስዎ ነዎት። የመረጡትን ይንገሩኝ፤ እኔ የቀረውን እይዛለሁ።»

አባቴ መሬት መሬት እያየ ምርኩዙን አሽከረከረ። ከዚያ «ለእኔስ የላይኛው ይበቃኛል» አለ።

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ስትሰበስብ አየኋት። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ቃል የሚነገረው እንዲመለስ ነው። አንዱ የተሻለውን ለሌላው ይተዋል፤ ሌላው በእኔ ሞት ብሎ ይመልሳል፤ ያኛው እንደገና ይተዋል፤ እንዲህ ሲገፋፉ ቆይተው ነገሩ በአንዱ ድካም ያልቃል። አባቴ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነበር የተናገረው። አበልጃችን በእኔ ሞት እስኪሉ ይጠብቃል።

እርሳቸው የአባቴን ጉልበት አይተው ትንሽ አሰቡ። «እሺ አበልጄ» አሉ። «እውነትዎን ነው፤ ለእግርዎም የላይኛው ይሻላል። ደረቅ ነው፣ ለቤትዎም ይቀርባል። ክረምት ሲገባ የታቹን ጭቃ እኔ እችለዋለሁ።»

ከልባቸው ነበር የተናገሩት። ዛሬም ፊታቸው ይታየኛል፤ ለወዳጁ ቀለል ያለውን ትቶ ከባዱን የተሸከመ ሰው ፊት ነበር። አባቴም እግዜር ይስጥልኝ አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ወንዙን እስክንሻገር ታገሠች።

«ምን ነካዎት?» አለችው።

«እንቢ ይላሉ ብዬ ነበራ።»

«እርስዎ ሰጡ፣ እሳቸው ተቀበሉ። ምን ያድርጉ?»

«አሁን ተመልሼ ሄጄ የታቹን ፈልጌ ነበር ልበል? ሰው ምን ይለኛል?»

እናቴ መንገዷን ቀጠለች። ይሉኝታ ከያዘው ሰው ጋር መከራከር እንደማይቻል ከእርሷ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም።

አዲሱ ተራ ሥራ ጀመረ። እኔና አባቴ በላይኛው በር ገመዶቻችንን ዘርግተን ተቀመጥን። ከብቱ በፊታችን ያልፋል፤ አቧራው ፀሐይን እስኪሸፍን ያልፋል። ነጋዴዎቹ ከመንጋው ኋላ ሆነው እያፏጩ ይከተላሉ። አባቴ አንዱን ገመድ ከፍ አድርጎ ቢያሳያቸው አንድ የደብረ ታቦር ነጋዴ ሳቀና ዱላውን አሳየው። «አባቴ፣ የእኔ ገመድ ይቺ ናት። ያንን ለማን አንገት ነው ያሰቡት?» አለው። አብረውት የነበሩት ሳቁ። አባቴም አብሮ ሳቀ፤ ጨዋታ ያውቃልና። ከሰዓት በኋላ ግን ያመጣነውን ገመድ አብዛኛውን መልሼ ተሸከምኩት፤ ሽቅብ ስንወጣ ከጠዋቱ ይልቅ ከበደኝ።

በተከታዩ ገበያ አበልጃችን ገና ሳይረፍድ ከታችኛው በር ወደ እኛ መጡ። ገመዳቸው አልቆ ነበር። ከእርስዎ ጥቂት ልውሰድና ልሽጥልዎ አሉት። ይህ መልካም መላ ነበር፤ እኔም ገመዶቹን ላነሣ እጄን ዘርግቼ ነበር። አባቴ ግን፣ እኔም ገዢ ቀጥሬአለሁ፣ ኋላ ያስፈልገኛል አላቸው። የተቀጠረ ገዢ አልነበረም። ገመዱ እንዳልተሸጠለት መናገር የላይኛውን በር እንዳልፈለገው መናገር ሆነበት። አበልጃችን ተደስተው ተመለሱ፤ እንኳን ቀናዎት አሉት።

በዚያ ሳምንት እናቴ ከጎተራው እህል ስታወጣ በሰፌዱ ማፈሷን ትታ እየቆጠበች በቁና መስፈር ጀመረች። አንድ ምሽት ስለ ላሟ ተነጋገሩ። ያለችን አንዲት ላም ነበረች፤ ጥጃዋ ገና ጡት አልጣለም። አባቴ ከዐቢይ ጾም በፊት ብትሸጥ ጥሩ ዋጋ ታወጣለች አለ። እናቴ የጥጃውን ስም እየጠራች ወጣችና ከበረቱ ብዙ ቆይታ ተመለሰች። እኔም ያን ጊዜ ነገሩ የበር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ያለ ታችኛው በር አባቴ ገመድ ሻጭ መሆኑ ሊቀር ነው፤ ማረሱ ቀርቷል፤ ከዚያ በኋላ ምን ሆኖ ይቀመጣል።

የክርስትና እናቴ ዘንድ ጥጥ ልፈለቅቅ አዘውትሬ እሄድ ነበር። አንድ ቀን እርሳቸው እየፈተሉ እኔ እየፈለቀቅሁ ሳለን፣ አባትሽ የላይኛው በር ተስማማው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔ ደህና ነው አልኩ። እንዝርቱን ሳያስቀምጡ አየት አደረጉኝና፣ ባለፈው ስትወጡ ያንን ሁሉ ገመድ ተሸክመሽ አይቼሻለሁ አሉ።

«እኔ ክርስትና አንሥቼሻለሁ። ለእኔ አይዋሽም።»

«አባዬ የላይኛውን በር ፈልጎት አያውቅም» አልኳቸው።

«ታዲያ ለምን ይበቃኛል አለ?»

«እርሳቸው እንቢ ይላሉ ብሎ።»

መጀመሪያ ሳቁ። ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋና እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አኖሩት። «የእኔውስ ሰውዬ፣ ለአበልጄ ደረቁን ተውኩለት እያለ በየዕለቱ ይኩራራብኛል» አሉ። «እነዚህ ሰዎች በይሉኝታ ሊራቡ ነው።»

ለባለቤትዎ ይንገሩና ሁለቱ በሩን ይለዋወጡ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሄዶ እንለዋወጥ ቢለው አባትሽ ምን የሚል ይመስልሻል አሉኝ። አሰብኩ፤ መልሱን አውቀው ነበር። ለእግሬ ተስማምቶኛል፣ በእኔ ሞት አይንኩት ይላል። ያን ካለ ደግሞ ነገሩ ለዘለዓለም ይዘጋል። «ተዪው፣ መላ ልምታበት» አሉኝና እንዝርታቸውን አነሡ።

በሚቀጥለው ገበያ ማለዳ እኔና አባቴ ወረድን። ጭጋጉ ከሜዳው ገና አልተነሣም ነበር፤ ከብቶቹ ከወገባቸው በላይ ብቻ እየታዩ ይመጣሉ። የላይኛው በር ስንደርስ አባቴ በሚቀመጥባት ቦታ ላይ ሰው አለ። አበልጃችን ናቸው። አጎዛቸውን አንጥፈው፣ ገመዳቸውን ዘርግተው፣ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

አባቴ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ሁልጊዜ አባቴ ሲመጣ ብድግ የሚሉት ሰው ከተቀመጡበት ሳይነሡ መለሱለት።

«አበልጄ፣ በር ተሳሳቱ እንዴ?» አለ አባቴ።

«አልተሳሳትኩም። ይህ ቦታ ተስማምቶኛል።»

«ተነጋግረን አልነበረም? ይህ የእኔ ነው።»

«ነበር። አሁን ይዤዋለሁ።»

አባቴ እየቀለዱ መስሎት ሳቅ ሊል ጀመረ። እርሳቸው አልሳቁም። ቀና ብለውም አላዩትም፤ ቃጫቸውን እየበጠሩ ነበር፤ ጆሮአቸው ግን ቀልቶ ነበር። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ነገር ለማንም ተናግረው የሚያውቁ አይመስለኝም።

«እንዲህ ያለ ነገር ከእርስዎ አልጠብቅም ነበር» አለ አባቴ።

«እንግዲህ ይጠብቁ። ታች ባዶ ነው፤ ሌላ ሳይቀድምዎ ይሂዱ።»

አባቴ ቆሞ ቀረ። ይነሣሉ ብሎ መጠበቁን ከአቋቋሙ አወቅሁ። እኔም የታቀፍኩትን ገመድ ይዤ ጠበቅሁ። ከኋላችን ሰው ከብት እየነዳ መጥቶ በሩን ልቀቁ ማለት ጀመረ። አበልጃችን አልተነሡም። አንድ ጊዜ የበጠሩትን ቃጫ እንደገና ከመጀመሪያው ይበጥሩት ነበር።

አባቴ ዘወር አለና ምርኩዙን ተክሎ ቁልቁል መራመድ ጀመረ። በተራው መካከል፣ በከብቱ መካከል አለፍን። ታችኛው በር ስንደርስ ገመዶቹን ተቀብሎኝ ራሱ መሬት ላይ ዘረጋቸው፤ ወፍራሙን ከወፍራም፣ ቀጭኑን ከቀጭን። ብዙም ሳንቆይ አንድ የሜዳ ሰው ወይፈን በቀንዱ ይዞ እየተጎተተ መጣ። የሸጠለት ሰው ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲሄድ ከሩቅ ይታየን ነበር። ሰውየው ሊያይ ብቻ መጥቶ እንደነበረ ነገረን፤ ሚስቱ ምን እንደምትለውም ፈርቷል። አባቴ ብድግ ብሎ ገመዱን በወይፈኑ ቀንድ ላይ በእጁ አሠረለት፤ ቋጠሮውንም ሁለት ጊዜ ስቦ ሞከረው። ከዚያ ሌላ መጣ። ከእርሱ ኋላ ደግሞ ሌላ።

ፀሐይ ከፍ ስትል ጭጋጉ ተገፎ ሜዳው ሁሉ ተገለጠ፤ የጓያው አረንጓዴ፣ ከዚያ ወዲያ የሐይቁ ብልጭታ። አባቴ ያንን እያየ ብቻውን ፈገግ አለ።

«አበልጄ ዛሬ ባለጌ ሆኑ» አለኝ።

ማታ እናቴ ባዶ እጄን መግባቴን አይታ ምን ሆናችሁ አለች። አባቴ የጠዋቱን ሁሉ ነገራት፤ እንዴት እንዳልተነሡለት፣ እንዴት ታች ይሂዱ እንዳሉት፣ የአበልጃችንን ድምፅ እያስመሰለ አወራላት። እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ይዛ ሰማችው። ላሟ ከበረት ጥጃዋን ስትጠራ ይሰማ ነበር።

«ታዲያ አላመሰገኗቸውም?» አለችው።

አባቴ ጉልበቱን እያሸ ትንሽ አሰበ።

«እንዴት አድርጌ?» አላት። «ካመሰገንኳቸው እንደገና መከባበር ልንጀምር አይደለም?»